መልስ፦ ከዝናቡ በኋላ የሞተው የረግረጉ ቄጠማ

የዝናብ ጎርፍ በሚገባበት ሰው ሠራሽ ረግረግህ የተከልከው ቄጠማ፣ 40 ሳንቲሜትር ውሃ ሳምንት ሙሉ ተኝቶበት ሞተ ብለሃል። የገደለው የጎርፉ ቆሻሻ ሳይሆን የውሃው ጥልቀት ነው። ሥር ያልሰደደ ችግኝ ቅጠሉ ከውሃ በላይ ካልወጣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

በረግረጉ የውሃ መውጫ ቱቦ ጫፍ ላይ የሚዞር ጎሚቶ (የታጠፈ የቱቦ መገጣጠሚያ) ግጠም። ወደ ጎን ስታጋድመው ውሃው ይወርዳል፣ ስታቆመው ይሞላል። በማጣበቂያ እንዳትለጥፈው፣ አልዞርም ይልሃል! መጀመሪያ አፈሩ ጭቃ እስኪሆን አውርደህ ትከል። ችግኙ ሲይዝ 5 ሳንቲሜትር ሙላ፤ ቁመት በጨመረ ቁጥር ቀስ እያልክ እስከ 15 አድርስ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ባዶ ቦታውን ቶሎ ይሸፍንልኛል ብለህ ፊላ (ረጅሙን የረግረግ ሣር) አትትከል። ዘሩ በነፋስ ራሱ ይመጣል፤ ከመጣም ሌላውን ተክል ውጦ የውሃ ወፎች የሚዋኙበትን ክፍት ውሃ ይዘጋዋል። ገና ለጋ ሳለ ከነሥሩ ንቀለው።