ጎኗ ደንዝዟል፣ መሃል ደረቷ ግን ያማታል

ጥያቄ፦ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ለሚወጣ ሴቶች በአልትራሳውንድ እየታገዝኩ የሰራተስ ብሎክ (በጎን ደረት ባለው የሰራተስ ጡንቻ ሥር የሚወጋ የነርቭ ማደንዘዣ) እሰጣለሁ። ሲነቁ ጎናቸው ደንዝዞ ደረት አጥንታቸው አጠገብ ግን «ያቃጥለኛል» ይላሉ። መጠኑን ልጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ፤ የተሳተው ቦታው ነው። የጎድን ነርቭ ከአከርካሪ ወጥቶ የጎድን አጥንቱን የታች ጠርዝ ተከትሎ ወደ ፊት ይመጣል። ብብት ሥር ሲደርስ የጎን ቅርንጫፉን ወደ ቆዳ ይልካል፤ የፊተኛው ቅርንጫፍ ብቅ የሚለው ግን ደረት አጥንት ዳር ነው። የሰራተስ ብሎክ የሚይዘው በዋናነት የጎኑን ነው። ቁስሉ እስከ ደረት አጥንት ከተሳበ የውስጠኛው ጫፍ ሳይደነዝዝ ይቀራል።

ስለዚህ ያለዎትን መድኃኒት ይክፈሉት። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ማደንዘዣው ቡፒቫኬይን በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ቢታሰብ ጣሪያው 100 ሚሊ ግራም ነው፤ 20 ሲሲ የሚይዝ አንድ የ0.5% ብልቃጥ ማለት ነው። 20 ሲሲ ኖርማል ሳላይን ሲጨምሩበት 40 ሲሲ የ0.25% ይሆናል። 30ውን ለሰራተስ፣ 10ሩን ለደረት አጥንት ዳር ያውሉት። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ ላይ ሊዶኬይን የተባለውን ሌላ ማደንዘዣ የሚወጋ ከሆነ እሱም ከዚሁ ጣሪያ ላይ ይታሰባል። ዴክስትሮስ ያለበት፣ ለአከርካሪ የተዘጋጀው ቡፒቫኬይን ለዚህ አይሆንም፤ የብልቃጡን ጽሑፍ ሳያነቡ አይቅዱ።

ለሰራተስ የአልትራሳውንዱን ፕሮብ ብብት ሥር 5ኛው የጎድን አጥንት ላይ ያሳርፉ። የመርፌው ጫፍ አጥንቱን ይንካ፤ አጥንቱ ለሳንባ ጋሻ ነው። ከዚያ 2 ሲሲ ሳላይን ይግፉ። ጡንቻው ከአጥንቱ ተላቆ ከፍ ካለና በመሃል ጥቁር መስመር ከተዘረጋ ቦታው ትክክል ነው። ጡንቻው ራሱ ካበጠ ግን መርፌው ጡንቻ ውስጥ ነው፤ ያስተካክሉት። ደረት አጥንት ዳር ሲደርሱ ትልቁ የደረት ጡንቻ ሥር፣ ከጎድን አጥንቶቹ በላይ ይቁሙ። ከዚያ ጠለቅ ካሉ የውስጠኛው የደረት ደም ቅዳና የሳንባ ሽፋን አሉ። ሁለቱም ብሎኮች ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ቢሰጡ ይሻላል፤ በኋላ አየርና ደም ገብቶ ምስሉ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ አልትራሳውንድ የለም። ደረታቸው ለተከፈተ ታካሚዎች ምን እናድርግ?

መልስ፦ በሕመም ፍርሃት የማይስል ታካሚ አክታው ሳንባው ውስጥ ይከማችበታል፣ የሳንባ ምችም ይከተላል። ስለዚህ መሣሪያ የለም ተብሎ መተው የለበትም፤ የጎድን ነርቭ ብሎክ በጣት ዳሰሳ ይሠራል።

ከአከርካሪው ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ርቀው የጎድን አጥንቱን የታች ጠርዝ ይፈልጉ። ቆዳውን በጣትዎ ወደ ላይ ስበው በ23 ቁጥር መርፌ አጥንቱን ይንኩ። ቆዳውን ቀስ ብለው ሲለቁት መርፌው ወደ ጠርዙ ይወርዳል፤ ከዚያ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይግቡ። ሲሪንጁን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ደምም አየርም ካልመጣ ከ3 እስከ 5 ሲሲ የ0.25% ይስጡ። ቁስሉ ካለበት በላይና በታች ያሉትን አንድ አንድ የጎድን ነርቮችም ያደንዝዙ።

አደጋው ሁለት ነው። አንደኛው የሳንባ መበሳት ሲሆን፣ በማሽን የሚተነፍስ ታካሚ ላይ ቶሎ ይከፋል። ሁለተኛው እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ነው፦ መድኃኒቱ ከጎድን አጥንቶች መካከል ወደ ደም የሚገባው ከሌሎቹ ብሎኮች ፈጥኖ ነው። ከንፈርና ምላስ መደንዘዝ፣ ጆሮ ውስጥ መጮህ፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ማለት ከታየ ወዲያው ያቁሙ፤ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ሊከተሉ ይችላሉ። ኦክስጅን ይስጡ፣ እርዳታ ይጥሩ፣ 20% የሊፒድ ኢመልሽን (በደም ሥር የሚሰጥ የስብ ፈሳሽ) በኪሎ 1.5 ሲሲ ያስገቡ፤ ለ50 ኪሎ 75 ሲሲ ነው። ማስተኛው መድኃኒት ፕሮፖፎል ነጭ ስለሆነ ብቻ ምትኩ አይሆንም። ሊፒዱ ብሎኩ ከመጀመሩ በፊት ክፍሉ ውስጥ ይኑር።

ጥያቄ፦ እህቴ ጡቷ ሊወጣ ነው። ይህ መርፌ ደረቷን ለዘለቄታው ያደነዝዘው ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ይለቃል። የክንዷ ውስጠኛ ጎን ለወራት ከደነዘዘ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መርፌው ሳይሆን፣ ብብት ውስጥ በቀዶ ጥገናው የሚነካ ቀጭን ነርቭ ነው። ማታ ላይ ሕመሙ በአንዴ እንዳይመጣባት ብሎኩ ሳይለቅ የታዘዘላትን ማስታገሻ እንድትጀምር ነርሶቹን አስታውሺያቸው።