በሎትና በሴሌ ሸለቆዎች ጸጥ ያሉ የብስክሌት መንገዶች፦ ጥያቄና መልስ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በሎት ወንዝና በገባሩ በሴሌ ዳርቻ ስለሚደረግ የመንገድ ብስክሌት ጉዞ ለመጠየቅ የሚፈልግ ሁሉ ጥያቄውን እንዲያቀርብ ባለፈው ሳምንት ጋብዤ ነበር። ከተለያዩ የአውሮፓ ከተሞች የደረሱኝን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በፈረንሳይ ይህን ያህል ወንዝ እያለ ለምን ሎትን ይመክራሉ? የሎዋር ዳርቻ አይሻልም ወይ?

መልስ፦ የሎዋር መንገድ ሜዳማ፣ በሚገባ የተዘጋጀና ምልክቱ የማያሳስት ስለሆነ ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚጓዝ ቤተሰብ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ነገር ግን ጸጥታን ለሚፈልግና ጥቂት ዳገት ለማይፈራ ሰው ከሎት የሚስተካከል ሸለቆ አላውቅም። ወንዙ ከሎዜር ተራራ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ከተጓዘ በኋላ ኤጊዮን በተባለች ከተማ አጠገብ ከጋሮን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በፊዣክና በካኦር ከተሞች መካከል ደግሞ ኮስ የሚባለውን የኖራ ድንጋይ አምባ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ግራና ቀኙ ገደል፣ ታቹ የእርሻ ማሳና የዋልነት ዛፍ ነው። መንገዱ ጸጥ ያለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ረጅም መንገድ የሚሄደው መኪና ሁሉ ኤ20 በተባለው ፈጣን መንገድ ሸለቆውን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጦ ያልፋል፣ በወንዞቹ ዳር የሚቀረው በአብዛኛው የአካባቢው ሰው መኪናና ትራክተር ነው። ቦታው ከ1999 ጀምሮ የኮስ ዱ ኬርሲ ክልላዊ የተፈጥሮ ፓርክ አካል ሆኖ ይጠበቃል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ከካኦር ወደ ምሥራቅ ወጥቼ ነበር፤ ከኋላዬ ያለማቋረጥ መኪና ይመጣ ስለነበር ጸጥታ የተባለውን አላገኘሁትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተጓዙበት ክፍል ከሸለቆው ሁሉ መኪና የሚበዛበት ነው። ከካኦር እስከ ቬር ድረስ ወደ ሥራ የሚመላለሰው ሰው ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ከዚያም በሰሜኑ ዳርቻ የሚቀጥለው ዴ662 («ዴ» በፈረንሳይ የአውራጃ መንገድ መለያ ፊደል ነው) ዋናው የሸለቆ መንገድ ስለሆነ በበጋ የጎብኚ መኪና ይጨመርበታል። እኔ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ወንዙ ሁለት ዳርቻ አለው፣ መኪናው ግን የሚመርጠው አንዱን ብቻ ነው። ሰፊው መንገድ በሰሜን ከሆነ፣ በደቡቡ ዳርቻ ከመንደር መንደር የሚያገናኝ ጠባብ መንገድ መኖር አለመኖሩን በካርታ ላይ ይፈልጉ። ቡዝዬስ ላይ ጠባቡን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግረው በዴ40 ወደ ሳን ሲር ላፖፒ መንደር ቢወጡ፣ ከዚያም ወርደው ሴንቪየርንና ካልቪኛክን እያለፉ በደቡቡ ዳርቻ ወደ ካዣርክ ቢቀጥሉ፣ ያው ሸለቆ ሌላ አገር ይመስልዎታል። ከካኦር እስከ ቬር ያለውን ክፍል ማለፍ ግድ ከሆነ እሑድ በማለዳ ያድርጉት፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ የብስክሌተኞች ነው።

ጥያቄ፦ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። የትኛውን መስመር ይመርጡልኛል?

መልስ፦ ያለምንም ማመንታት የሴሌን ሸለቆ። ከፊዣክ በስተ ምዕራብ ጀምሮ ዴ41 ወንዙን እየተከተለ ኮንዱሼ በተባለው ቦታ ከሎት ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ ይወርዳል፤ ርቀቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከፊዣክ ወጥተው ዴ41ን እስኪያገኙ ድረስ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሥራ በሚበዛበት መንገድ ላይ ስለሆኑ በማለዳ ይለፏቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሸለቆው እየጠበበ፣ መኪናው እየሳሳ ይሄዳል።

በመጀመሪያ ኤስፓኛክን ያገኛሉ፤ ከወንዙ ማዶ ያለች ትንሽ መንደር ስትሆን፣ የጥንቱ የሴቶች ገዳም የደወል ማማ ላይኛው ክፍል በእንጨትና በሸክላ ጡብ የተሠራ ነው። ዋናው መንገድ በመንደሪቱ ውስጥ ስለማያልፍ ብዙ ብስክሌተኛ ሳያያት ያልፋል፤ እርስዎ ግን ድልድዩን ይሻገሩ። ቀጥሎ ብሬንግ፣ ከዚያም ማርሲያክ ይመጣሉ። ማርሲያክ ላይ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ፍርስራሽ አለ፤ ጣሪያው የወደቀው የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ግድግዳና ቅስት አሁንም ቆሟል፣ ከፊሉ ደግሞ ዛሬም ይቀደስበታል። ምሳ ለመብላት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ከማርሲያክ እስከ ካብረሬ ያለው መንገድ የጉዞው ሁሉ ልብ ነው። ቢጫና ግራጫ የሆነው ገደል አንዳንዴ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ይቀርባል፤ በካብረሬ ዙሪያ ደግሞ ድንጋዩ ከራስ በላይ ወደ መንገዱ ጎንበስ ብሎ ስለሚወጣ፣ በቀትር ፀሐይ እየነዱ መጥተው በድንገት ጥላና ቅዝቃዜ ውስጥ ይገባሉ። ዐይን ከብርሃን ወደ ጥላ ለመልመድ ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ከኋላ የሚመጣ ሹፌርም እንዲሁ ስለሚቸገር፣ በቀንም ቢሆን የኋላ መብራት እንዲያበሩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከካብረሬ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የፔሽ ሜርል ዋሻ ይገኛል። በ1922 የአካባቢው ወጣቶች ያገኙት ይህ ዋሻ ለሕዝብ የተከፈተው በ1926 ሲሆን፣ ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለት ፈረሶች የተሣሉበት ግድግዳ ወደ 29,000 ዓመት ዕድሜ ይገመታል። በጥንት ሥዕሎቹ የሚታወቀው ሌላው የፈረንሳይ ዋሻ፣ ላስኮ፣ በ1963 ለጎብኚ ተዘግቶ ዛሬ የሚታየው ቅጂው ብቻ ሲሆን፣ በፔሽ ሜርል ግን የሚያዩት ዋናውን ሥዕል ነው፤ ለዚህም ሲባል በቀን የሚገባው ሰው በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ አስቀድመው ቦታ ይያዙ። ውስጡ 12 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዳገቱን ወጥተው በላብ ርሰው ስለሚገቡ የሚደርቡት ልብስ አይለይዎት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከስድሳ አልፏል። ዳገቱ ይቻላል ወይ? ምን ዓይነት ብስክሌትስ ይስማማል?

መልስ፦ በወንዙ ዳር እስከሆኑ ድረስ የሚያስጨንቅ ዳገት የለም። ጉልበት የሚጠይቀው ከሸለቆው ወደ አምባው ሲወጡ ነው፤ በዚያን ጊዜ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ሊወጡ ይችላሉ። ሳን ሲር ላፖፒም ከወንዙ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ይሁንና በዴ40 ላይ ወንዙንና መንደሪቱን የሚያሳይ ማረፊያ ስላለ ዳገቱን ለሁለት ከፍሎ መውጣት ይቻላል። ቀላል ማርሽ ያለው የመንገድ ብስክሌት ይበቃል፤ ጎማው 28 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ባለ ባትሪ ብስክሌት መጠቀምም ምንም ነውር የለበትም፤ ዋናው ነገር ቦታውን ማየት ነው።

ጎማን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በበጋ የመንገድ ሠራተኞች አስፋልቱን ለማደስ ሬንጅ አፍስሰው በላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር ይበትኑበታል፤ ጠጠሩ በመኪና ጎማ ተጠቅጥቆ እስኪጣበቅ ድረስ ቀናት ይወስዳል። «ግራቪዮን» (ደቃቅ ጠጠር) የሚል ሰሌዳ ካዩ ከቁልቁለቱ በፊት ፍጥነትዎን ይቀንሱ፣ በመታጠፊያ ላይም የፊት ፍሬን አይያዙ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያለው የመንገድ መሪ ሁልጊዜ ወደ ዋናው መንገድ ይወስደኛል። እርስዎ በምን ይመራሉ?

መልስ፦ በወረቀት ካርታ። የሚሽላን ካርታ ዋና ዋናዎቹን መንገዶች በቀይና በቢጫ፣ ትንንሾቹን በነጭ ያሳያል፤ ለብስክሌተኛ የተፈጠሩት ነጮቹ ናቸው። በጎናቸው አረንጓዴ መስመር ያለባቸው ደግሞ መልክዐ ምድራቸው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ቢጫና አረንጓዴ አንድ ላይ ሲሆኑ ጎብኚውም በመኪናው እንደሚመጣ ይጠብቁ። በመንገዱ ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ትንንሽ ምልክቶች ዳገትን ያመለክታሉ፦ አንድ ከሆነ ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከሆነ ከ9 እስከ 13 በመቶ፣ ሦስት ከሆነ ከዚያ በላይ ነው፤ ጫፋቸውም ዳገቱ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ይጠቁማል። ማታ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነጮቹን መንገዶች ካገናኙ በኋላ መስመሩን ወደ ስልክዎ ቢያስገቡት ሁለቱም ይጠቅማሉ።

ጥያቄ፦ የትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ ግንቦትና ሰኔ፣ ከዚያም መስከረም። በሐምሌና በነሐሴ የከሰዓት በኋላው ሙቀት በገደሎቹ መካከል ታምቆ ይቀራል፣ በሳን ሲር ላፖፒ ዙሪያም መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ ሰው ይጨናነቃል። በጥቅምት ጠዋት ጠዋት ጉም ሸለቆውን ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ወደ አምባው ቢወጡ ከጉሙ በላይ ፀሐይ ያገኛሉ። ካዣርክ አካባቢ የሳፍሮን አበባ የሚለቀመውም በዚያው ወቅት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ በፍልሰታ ጾም ወቅት እሄዳለሁ። በገጠር የሚበላ አገኛለሁ ወይ? ውኃስ?

መልስ፦ የአካባቢው ምግብ ቤቶች የሚታወቁት በዳክዬ ሥጋና በፍየል አይብ ስለሆነ በእነሱ ላይ አይተማመኑ። ነገር ግን ፍልሰታ በነሐሴ ስለሚውል ሐብሐብ የሚመስለው ብርቱካንማ የኬርሲ ሜሎን፣ ቲማቲምና ኮክ በየገበያው ይገኛሉ፤ ዳቦ፣ ዋልነትና የታሸገ ምስር ደግሞ ከጀርባ ቦርሳ አይጠፉ። ሱቆች ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ለምሳ ይዘጋሉ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ምንም ክፍት አይጠብቁ፣ ብዙ ዳቦ ቤቶችም ሰኞ አይሠሩም። ለውኃ የመቃብር ቦታዎችን ይጠቀሙ፤ በአብዛኛው የመንደር መካነ መቃብር ውስጥ ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ አለ። «ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም።

ጥያቄ፦ ከሹፌሮች ጋር እንዴት ነው? የአሥር ዓመት ልጄን ይዤ ልሄድ አስቤአለሁ።

መልስ፦ ሕጉ ለብስክሌተኛ የቆመ ነው። ከከተማ ውጭ አንድ ሹፌር ብስክሌትን ሲቀድም ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል፣ በከተማ ውስጥ አንድ ሜትር መራቅ አለበት፤ ከፊቱ ጥርት አድርጎ እስካየ ድረስም ለመቅደም ያልተቆራረጠውን የመሐል መስመር ማለፍ ይፈቀድለታል። ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መንዳት ይቻላል፤ ከኋላ መኪና ሊቀድም ሲል ግን አንዱ ከሌላው ኋላ መሆን ያስፈልጋል። ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የራስ ቁር ግዴታ ስለሆነ ልጅዎ ያለ እሱ መንዳት አይችልም። ጆሮ ላይ ማዳመጫ ማድረግ ለሁሉም ክልክል ነው። ከልጅ ጋር ከሆነ ግን ከካኦር በስተ ምዕራብ፣ ወይን በሚበቅልበት በኩል ይጀምሩ፤ በደቡቡ ዳርቻ በዱዌልና በሉዜክ በኩል ወደ አልባስ ሲሄዱ ሸለቆው ሰፋ ያለ ነው፣ መንደሮቹም አይራራቁም።

ጥያቄ፦ ብስክሌቱን በባቡር መውሰድ ይቻላል? የት ይታደራል?

መልስ፦ ካኦር ከፓሪስ ወደ ቱሉዝ በሚሄደው መስመር ላይ ናት፣ ወደ ፊዣክም የክልል ባቡር አለ። በረጅም ርቀት ባቡር ለብስክሌቱ አስቀድመው ቦታ መያዝ አለብዎ፤ በክልል ባቡሮች ነገሩ ቀለል ይላል። ለማደሪያ፣ የሴሌ ሸለቆ በስፔን ወዳለችው ሳንቲያጎ የሚሄዱ ተሳላሚዎች የሚያልፉበት አንዱ መስመር ስለሆነ፣ በየመንደሩ ዋጋቸው የማይከብድ የእግረኛ ማደሪያዎች አሉ፤ ብስክሌትዎን የሚያስገቡበት ቦታ እንዳላቸው ግን ቀድመው በስልክ ይጠይቁ።

ፊዣክ ላይ ባቡር የሚጠብቁ ከሆነ በ1790 እዚያ የተወለደውን የሻምፖሊዮንን ሙዚየም ይመልከቱ። የጥንት ግብፅን ጽሕፈት ለማንበብ የበቃው ይህ ሰው በወጣትነቱ ካጠናቸው ቋንቋዎች መካከል የእኛው ግዕዝ ይገኝበታል፤ ሙዚየሙም የዓለምን የጽሕፈት ዓይነቶች ሁሉ ታሪክ የሚያሳይ ነው። ብስክሌትዎን ግን ውጭ ሲያቆሙ በደንብ ይቆልፉት።