ቴትራሳይክሊኑን ኩሬ ውስጥ አይበትኑት

ጥያቄ፦ ሰበታ አካባቢ ነኝ። 10 ሜትር በ10 ሜትር ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ ዓሣ አረባለሁ። የዶሮ ቤቴ ኩሬው አጠገብ ስለሆነ ኩሱን ለማዳበሪያ እጨምርበታለሁ። ለሁዳዴ ገበያ ትልልቆቹን ለመለየት በመረብ ካወጣኋቸው ወዲህ በየቀኑ አንድ ሁለት ይሞታሉ። ቆዳቸው ላይ ቀይ ቁስል አለ፤ ክንፋቸው ተበልቷል፤ የአንዳንዱ ሆድ ተነፍቷል። አንዱ «ቴትራሳይክሊን ገዝተሽ በትኚበት» አለኝ። ሌላው ደግሞ ከውጭ የመጣ የባሕር ዓሣ በሽታ ነው ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መድኃኒቱን ገዝተውም ከሆነ አይበትኑት።

የባሕር በሽታ ነው ያሉዎት ሰው ምልክቱን አይተው ይሆናል። ባሕር ላይ በመረብ ታጥረው የሚረቡ ዓሦችን ቪብሪዮ የሚባል የባክቴሪያ ወገን ክፉኛ ያጠቃል። እሱም ቁስል ያወጣል፣ ክንፍ ይበላል። ነገር ግን ባሕር ላይ ዓሣ የሚፈጁት የቪብሪዮ ዓይነቶች ጨው ይፈልጋሉ። እንደ እርስዎ ባለ ጨው አልባ ኩሬ እንዲህ ያለ ምልክት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ኤሮሞናስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። እሱን ከውጭ ማንም አያመጣውም። በውሃም በጭቃም አለ፤ ጤነኛ ዓሣ አንጀት ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ከየት መጣ ብለን ሳይሆን አሁን ለምን በረታ ብለን ነው።

ከነገሩኝ ውስጥ ሦስት ነገር ይታየኛል። ዓሣ በመረብ ሲጎተት ቅርፊቱ ይላጣል፤ ቆዳውን የሚጠብቀው ልጋግም አብሮ ይነሳል። ባክቴሪያው የሚገባው በዚያ ነው። ሁለተኛው ብርዱ ነው። ለቆሮሶ የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ነው። በእናንተ አገር የበጋ ሌሊት ግን ውሃው ከ20 በታች ሲወርድ ዓሣው መብላቱም በሽታ መቋቋሙም ይዳከማል። ሦስተኛውና እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኩሱ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ቀድሞውንም አነስተኛ ነው። ኩሱ ሲበሰብስ ያንኑ ይሻማል። ሊነጋጋ ሲል ኩሬው ዳር ቆመው ይመልከቱ። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው ላይ እየከፈቱ የሚተነፍሱ ከሆነ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ኩሱን ዛሬውኑ ያቁሙ። መኖውንም ቢያንስ በግማሽ ይቀንሱ፤ የታመመ ዓሣ አይበላም፣ የተረፈው ፉርሽካና ፋጉሎ ታች ሄዶ ይበሰብሳል። ንጹሕ ውሃ ካለዎት ከሥር እያስወጡ ቀስ በቀስ ይተኩ፤ በአንድ ቀን ሁሉንም አይለውጡ። የሞተውን ጠዋትና ማታ ያውጡና ከኩሬው ራቅ አድርገው ኖራ ነስንሰው ይቅበሩ። ለዶሮም ለውሻም አይስጡት።

ጨው ልጨምር ይሉ ይሆናል። ኩሬዎ 1 ሜትር ጥልቀት ካለው 100 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በሊትር 1 ግራም ለማድረስ እንኳ 100 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል። እኔ ገንዘብዎን በዚያ ላይ እንዲያፈሱ አልመክርም። ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ካዩ ግን ሻጋታ ነው። እነዚያን ለይተው በሊትር 10 ግራም ጨው ባለው በርሜል ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል ይንከሯቸው፤ ከተንጋለሉ ቶሎ ያውጧቸው።

አሁን ወደ ቴትራሳይክሊኑ ልመለስ። ውሃ ውስጥ ሲበተን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዙትና ጉልበቱ ይቀንሳል። የቀረው ደግሞ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ይጎዳል፤ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያም ያፈራል። ኖርዌይ ሳልመን በሚባለው ዓሣ የባሕር እርባታዋ ይህን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ትጠቀም ነበር። ዛሬ ምርቷ በብዙ እጥፍ አድጎ ሳለ መጠኑ ከ1 ቶን በታች ነው። ያወጣት ክትባት ነው፤ በአንድ የእርባታ ዙርና በሚቀጥለው መካከል ቦታውን ማሳረፉም አግዟታል። ክትባቱ እኛ ዘንድ ቀላል አይደለም፤ ማሳረፉን ግን እርስዎም ይችሉታል። ይህ ዙር ሲያልቅ ኩሬውን አድርቀው ጭቃው እስኪሰነጣጠቅ ፀሐይ ያስመቱት። ከዚያ በካሬ ሜትር 100 ግራም ያህል ኖራ ይበትኑበት። አዲስ የዓሣ ጫጩት የሚያስገቡት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ብርዱ ሲያልፍ።

በሽታው ኤሮሞናስ መሆኑን እኔ ከዚህ ሆኜ ማረጋገጥ አልችልም። ዓይኑ የወጣ ወይም እየተሽከረከረ የሚዋኝ ካለ ሌላ ባክቴሪያ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም እዚያው ሰበታ ናቸው። መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ የትኛው እንደሚሠራ በምርመራ ይለያል፤ ከመኖ ጋር ተደባልቆ በባለሙያ ትእዛዝ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣም ዓሣው አይሸጥም።

እስከዚያው ቁስል ያለበትን ለገበያ አያውጡ፤ ሁዳዴ ቢደርስም። እጅዎ ላይ ጭረት ካለ ጓንት ያድርጉ፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ሰውንም ይይዛሉ። ለምርመራ የሚወስዱት በሕይወት ያለ፣ ግን የደከመ ዓሣ ይሁን። በላስቲክ ከነውሃው፣ ከላይ አየር ተሞልቶ፣ በጠዋቱ ይድረስ። ሞቶ ያደረ ዓሣ ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ ስለሚራባ ውጤቱ ያሳስታል።