መልስ፦ የልጅሽ ጉልበት ላይ የተጣበቀው ጎዝ

ልጄ ወድቆ ጉልበቱ ቆስሎ ነበር፣ የሸፈንኩበት ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ) ተጣብቆ እምቢ አለኝ፣ እንዴት ላንሳው ብለሽ ለጠየቅሽኝ፦ በደረቁ እንዳትጎትቺው። ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ጎዙን አርሰሽ 10 ደቂቃ ያህል ተይው፣ ከዛ ከዳር ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አንሺው፣ አሁንም ከያዘ ድጋሚ አርጥቢው እንጂ አትታገዪ፣ አዲሱን ቆዳ ይዞት ነው የሚመጣው።

ኮረኮንች ላይ ነው የወደቀው ስላልሽ ውስጡ የቀረ ጠጠር ካለ እያየሽ በውሃ እጠቢው። ስስ ቫዝሊን ቀብተሽ ሸፍኚው፣ ሁለተኛ አይጣበቅም። አልኮል ይቅር፣ ልጁን ማስጮህ ብቻ ነው ትርፉ።

ደሞ እናትሽ ቡና ነስንሺበት ያሉሽን በፍጹም እንዳታደርጊው! ክሊኒክ ስሠራ የሚያስመርረን ቁስሉ ሳይሆን ደርቆ የተጋገረውን ቡና መልቀሙ ነው፣ ደም ለማቆም በንጹህ ጨርቅ ጫን አርጎ መያዝ ይበቃል።

የቲታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ክትባት ከወሰደ 5 ዓመት ካለፈው ወይ የቁስሉ ዙሪያ እየቀላ ከሰፋ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።