የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዓሣ ጥናቴ ሳይገመገም ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት ግልገል አባይ ከጣና ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ በክረምት ለመራባት ሽቅብ በሚወጣው ነጭ ዓሣ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን አሳጥሬ ለአንድ የውጭ አገር የዓሣ ምርምር ጆርናል ብልክ፣ ለገምጋሚ እንኳ ሳይደርስ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰልኝ። የጆርናሉ አዘጋጅ የጻፉልኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ጥናቱ ከአካባቢው ውጭ ያለው ፋይዳ እንዳልታያቸውና የመረጃ አሰባሰቡም ግልጽ እንዳልሆነላቸው ይገልጻል። ጓደኞቼ «እንግሊዝኛህ ነው፤ ለሚያርም ሰው ከፍለህ እንደገና ላከው» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ረቂቁን አያይዣለሁ። (ከመራዊ)

መልስ፦ ለአራሚ ከመክፈልዎ በፊት የአዘጋጁን ሁለት ዓረፍተ ነገር ደግመው ቢያነቡ መልካም ነው፤ ስለ እንግሊዝኛዎ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም ረቂቁን አንብቤዋለሁ፤ ቋንቋው አያስነቅፍም። የሚያስቸግረው አንባቢ ዓሣው መቼ፣ እንዴትና በምን መለኪያ እንደተለካ ከጽሑፉ ማወቅ አለመቻሉ ነው። በእንግሊዝኛ የተካነ አራሚ ደግሞ እርስዎ ያልጻፉትን ሊያውቅልዎ አይችልም።

ከቀኑ ልጀምር፤ የእኛ አገር ተመራማሪዎች በብዛት የምንሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ። በጥናት ዘዴው ክፍል «በ2022 እና በ2023 ሁለት ክረምቶች» የተሰበሰበ መረጃ እንደሆነ ጽፈዋል። በአባሪ ያያያዙት የመስክ ማስታወሻ ግን ከነሐሴ 2014 እስከ ጥቅምት 2015 ያለውን ጊዜ ብቻ ያሳያል። ለሁለቱም ዓመቶች ስምንት ስምንት ደምረው ነው ስሕተቱ የተፈጠረው። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8። ስለዚህ ነሐሴ 20 ቀን 2014 ኦገስት 26፣ 2022 ሲሆን፣ መስከረም 10 ቀን 2015 ደግሞ ሴፕቴምበር 20 ሆኖ እዚያው 2022 ውስጥ ይውላል። የእርስዎ መረጃ የአንድ ክረምት መረጃ ነው። ይህን ሳያውቁ ሁለት ዓመት አድርገው ካሳተሙት በኋላ አንድ ገምጋሚ ወይም አንባቢ ቢደርስበት ስሕተት ነው ብሎ አያልፈውም፤ ፈጠራ ነው የሚለው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። መረቡ ማታ በ12 ሰዓት ተጥሎ ጥዋት በ1 ሰዓት እንደወጣ ዓሣ አጥማጁ የነገርዎትን እንዳለ 12:00 እና 1:00 ብለው አስፍረዋል። የውጭው አንባቢ ከቀትር እስከ ሰባት ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ 13 ሰዓት ውሃ ውስጥ ያደረ መረብ አንድ ሰዓት ብቻ የቆየ ይመስለዋል። በሰዓት የተያዘውን የዓሣ መጠን እንደሚያሰሉ ስለገለጹ፣ እርሱ በእርስዎ ሰዓት ሲያሰላው ውጤቱ በ13 እጥፍ ይጨምርበታል። 18:00 እና 07:00 ብለው ይጻፉት።

ሁለተኛው ጉዳይ ርዝመቱ ነው። በሰንጠረዥዎ ላይ «ርዝመት» ብቻ ይላል። የቆሮሶ ጅራት ጫፉ ቀጥ ያለ፣ የአምባዛም ክብ ስለሆነ በእነዚህ ላይ ብዙም አያሳስብም፤ የነጭ ዓሣ ጅራት ግን መንታ ነውና ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ ረጅም ጫፍ መለካትና እስከ መንታው መሐል መለካት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይሰጣሉ። እስከ መንታው ያለው የጠቅላላው ርዝመት 90 ከመቶ ያህል ቢሆን፣ ክብደት ከርዝመት ኩብ ጋር ስለሚሄድ፣ አንዱን በሌላው ቦታ የተጠቀመ ሰው ክብደቱን በ27 ከመቶ አሳንሶ ይገምታል። እንዴት እንደለኩ፣ በምን እንደለኩ፣ እስከ ስንት ሚሊሜትርና ግራም ድረስ እንደተነበበ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ሊቀር አይችልም። የመረቡን ዓይን ስፋትም ሲጽፉ ተወጥሮ ይሁን ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ይግለጹ፤ ልዩነቱ እጥፍ ነው።

የርዝመትና የክብደት ዝምድናውን ሲያቀርቡ የርዝመቱን አርቢ (ርዝመቱ የሚነሣበትን ኃይል) ከ2.94 ወደ 2.9 አሳጥረውታል። በወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል፤ የ30 ሳንቲሜትር ዓሣ ክብደት ሲሰላበት ግን ወደ 13 ከመቶ ይቀንሳል። በመቶኛ ቤት ይተዉት፣ የ95 ከመቶ የመተማመኛ ክልሉንና የትንሹንና የትልቁን ዓሣ ርዝመትም አብረው ይስጡ። ኮምፒዩተሩ የዕድል ዋጋውን (ፒ ቫልዩ የሚባለውን) 0.000 ብሎ ቢያወጣልዎም ከ0.001 ያነሰ ብለው ይጻፉ እንጂ ዜሮ አይበሉት።

ስለ ስሙ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ባሕር ዳር ገበያ «ነጭ ዓሣ» የሚባለው አንድ ዝርያ አይደለም፤ የላቤዮባርበስ ወገን (ጂነስ) የሆኑ በርካታ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። በጽሑፍዎ ግን እንደ አንድ ዝርያ ተደምረው ተሰልተዋል። በምን የዝርያ መለያ ቁልፍ (መመሪያ) እንደለዩዋቸው፣ ናሙናው የት እንደተቀመጠ መጻፍ አለበት። ያልለዩት ካለም አለመለየቱን በግልጽ ይናገሩ። ሳይንሳዊው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ ከነሰያሚው ይጻፋል፤ ላቤዮባርበስ ኢንተርሚዲየስን ጀርመናዊው ሩፐል በ1835 ሲገልጹት ባርበስ ብለውት ስለነበርና ወገኑ በኋላ ስለተለወጠ ስማቸውና ዓመቱ በቅንፍ ውስጥ ይገባሉ። ወገኑ ሳይለወጥ ለቀረ ዝርያ ቅንፉ አይኖርም። ትንሽ ነገር ናት፤ የዓሣ ጆርናል አዘጋጅ ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

አሁን ወደ «ፋይዳው» ልምጣ። መግቢያዎ የሚጀምረው ኢትዮጵያ በውሃ ሀብት የታደለች አገር መሆኗን በመናገር ሲሆን፣ ሦስት ገጽ ከተጓዘ በኋላ ነው ጣና የሚደርሰው። ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የለመድነው አካሄድ ነው፤ ለጆርናል ግን ሦስቱም ገጽ ይውጣ። በዓለም ላይ ለሚገኝ ማንኛውም የዓሣ ተመራማሪ ጣናን የሚያስታውሰው እነዚሁ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ናቸው፤ በፊሊፒንስ ላናው ሐይቅ የነበረው አቻቸው ከጠፋ ወዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ በብዛት የተለያዩ ትልልቅ የባርበስ ዘመዶች ተጠብቀው የሚገኙት ጣና ላይ ነው። ከእነዚህ የተወሰኑት በክረምት ወደ ወንዞች ወጥተው ጠጠራማ ሥፍራ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ በወንዝ አፍ የሚዘረጋ መረብም ከመራባታቸው በፊት ይቀድማቸዋል። የእርስዎ ጥናት ስለዚህ የሚናገረው አንድ ነገር ካለ በመጀመሪያው አንቀጽ ይምጣ፤ የተቀረው ሁሉ ያንን ያገልግል። ከመግቢያው በፊት የሚቀመጠውን አጠቃሎ (አብስትራክት) ግን ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ይጻፉት።

የቅርጹን ነገር አላበዛውም። የጆርናሉን መመሪያ ያውርዱ፣ መስመሮቹን ቁጥር ያስይዙ፣ የዋቢ አጻጻፉን እንደታዘዘው ያድርጉ። አንድ ነገር ግን ከመላክዎ በፊት በእጅዎ መሆን አለበት፤ ዓሣውን ለመያዝና ለመግደል የተሰጠ ፈቃድና የሥነ ምግባር ማረጋገጫ። ካልወሰዱ አልወሰድሁም ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ በኋላ የሚጻፍ ፈቃድ አደጋው ከመመለስ የከፋ ነው። ጆርናሉን ሲመርጡም በአምስት ቀን እናሳትማለን ብሎ በኢሜይል የሚለምን ካጋጠመዎ አይመልሱለት። ክፍያ የሚጠይቅ ትክክለኛ ጆርናል ከሆነም ከአነስተኛ ገቢ አገሮች ለሚልኩ ደራስያን ክፍያው እንደሚነሣ ወይም እንደሚቀነስ ሲልኩ ይጠይቁ፤ ጽሑፉን ከተቀበሉት በኋላ ጥያቄው ሊዘገይ ይችላል። ለሁለት ጆርናሎች በአንድ ጊዜ ግን እንዳይልኩ።

ጥያቄ፦ ጀልባውን ያቀረቡልንና መረብ የት እንደሚጣል ያሳዩን ዓሣ አጥማጅ፣ እንዲሁም ጽሑፉን ሳያነቡ ስማቸው እንዲገባ የጠየቁን አንድ የሥራ ኃላፊ አሉ። ስማቸው በደራሲነት ይገባ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አብዛኞቹ ጆርናሎች ደራሲ የሚሉት በጥናቱ ንድፍ ወይም በመረጃው ላይ የሠራ፣ ጽሑፉን የጻፈ ወይም ያረመ፣ የመጨረሻውን ረቂቅ ያጸደቀና ለይዘቱ ኃላፊነት የወሰደ ሰው ነው፤ አራቱም ተሟልተው። ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ሦስቱን አላሟላም። ዓሣ አጥማጁ ስማቸው እንዲጠቀስ ከፈቀዱ በምስጋናው ክፍል ያመስግኗቸው፤ ከልምዳቸው የተነገረዎን ደግሞ በጥናት ዘዴው ውስጥ ምንጩ እርሳቸው መሆናቸውን ገልጸው ያስገቡት። ለኃላፊው የሚነገረውን የመጀመሪያውን ቃል ከላይ ያለው ዝርዝር እንዲናገርልዎ ያድርጉ፤ የእርስዎ እምቢታ ሳይሆን የጆርናሉ ሕግ ሆኖ ይቀርባል፣ ቅሬታውም በዚያ ልክ ይለዝባል።

ጥያቄ፦ የአያቴን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አድርጌ ልጻፍ ወይስ የአባቴን? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሁለቱም ይቻላል፤ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ማድረግ ግን አይቻልም። ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ይያዙ፣ በፊደል አጣጣሉም ጭምር፤ ኦርሲድ በሚባለው የደራስያን መለያ ቁጥር መመዝገብም ነጻ ነው፣ በዚያ ስም ያስመዝግቡት። ዋቢ ውስጥ ሌሎች ኢትዮጵያውያንን ሲጠቅሱ ደግሞ በራሳቸው ጽሑፍ ላይ ስማቸውን እንዴት እንዳሰፈሩ እያዩ ይጻፉ፤ አንዱን ሰው በሁለት ስም ጠቅሰው ሁለት ሰው ያደረጉበት ረቂቅ ከእጄ የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው።