ፓርቲዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ ለሚል ወጣት

ድሮ ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። አሁን በአንድ ፓርቲ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሠራል። ‹‹ጋሼ፣ ፓርቲዬ የማላምንበትን ነገር ቢያደርግ ትቼ ልውጣ ወይስ ውስጥ ሆኜ ልከራከር?›› አለኝ። የትኛው ፓርቲ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ባውቀው ምክሬ ይበላሻል። እኔ ራሴ በዕድሜዬ የማንም ፓርቲ አባል ሆኜ ስለማላውቅ እንዲህ ያለውን ነገር ለመመለስ የምመረጥ ሰው አይደለሁም። ግን ጥያቄው በወጣትነቴ ሳልጨርሰው የቀረሁትን ጨዋታ ቀሰቀሰብኝና እንቅልፍ ነሳኝ። ለእሱ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን እንግሊዝ፣ ዱራም ከተማ ተማሪ ነበርኩ። ከዱራም ወደ ምሥራቅ በአውቶቡስ ሲኬድ ሲሃም የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። የባሕር ዳር ስላልኩ መዝናኛ እንዳይመስላችሁ። ከከሰል ጉድጓዶቹ የሚወጣው ቆሻሻ ባሕሩ ላይ ይደፋ ስለነበር ዳርቻው ጥቁር ነበር። ወደዚያ የሄድኩት የራምሴ ማክዶናልድ የምርጫ ወረዳ ስለነበረች ነው።

ማክዶናልድ ከስኮትላንድ ድሃ ቤተሰብ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሰው ነው። ሌበር የሚባለው የሠራተኞች ፓርቲ በ1900 ሲቋቋም የመጀመሪያው ጸሐፊ እሱ ነበር። በ1929 ምርጫ ፓርቲው ከሁሉም የበለጠ ወንበር አገኘ፤ አብላጫ ግን አልሞላለትም። ማክዶናልድ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ የእንግሊዝም ሥራ አጥ ውሎ አድሮ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል አለፈ። በ1931 ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ኮሚቴ የመንግሥት በጀት ጉድለት 120 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል ብሎ አገሩን አስደነገጠ። ወርቅ ከለንደን ይሸሽ ጀመር። መፍትሔ ተብሎ ከቀረበው መካከል የሥራ አጦችን ድጎማ አሥር በመቶ መቀነስ ነበረበት። ኦገስት 23፣ እሑድ ማታ፣ ካቢኔው በዚህ ጉዳይ 11 ለ9 ተከፈለ። በማግስቱ ማክዶናልድ ሥልጣን ይለቃል ሲባል፣ ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘንድ ሲመለስ ከወግ አጥባቂዎችና ከሊበራሎች ጋር ‹‹ብሔራዊ መንግሥት›› ሊመሠርት ተስማምቶ መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ያው እሱ። ፓርቲው ብዙም ሳይቆይ አባረረው።

(በነገራችን ላይ በዚያው በ1931 የእኛም የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ወጥቶ ፓርላማ ተከፍቷል። እንደራሴዎቹን የሚመርጧቸው መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ፓርቲ የሚባል ስላልነበረ ፓርቲውን ከዳ የሚባል ሰውም አልነበረም። ይህ የተሻለ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልልም።)

ሲሃም ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የከሰል ሠራተኛ አነጋገሩኝ። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው እጄን ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝ። ማክዶናልድን አንስቼ ጠየቅኳቸው። በ1931 ሥራ ፈት ጎልማሳ ነበሩ። የአንድ ወንድ የሳምንት ድጎማ ከ17 ሺሊንግ ወደ 15 ሺሊንግ ከ3 ፔንስ ሲወርድ ከእሳቸው ጉሮሮ ነው የተነጠቀው። በኦክቶበሩ ምርጫ ግን ማክዶናልድን መረጡ። ለምን? ስላቸው ‹‹የኛ ሰው ነው። እኛ ያላየነውን ቢያይ ነው እንጂ አያደርገውም ብለን›› አሉኝ። ታላቅ ወንድማቸው ለሌበሩ ዕጩ ሰጡ። በአንድ ጉድጓድ የሠሩ፣ በአንድ ጸሎት ቤት የሚዘምሩ ሁለት ወንድማማቾች ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳረፉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሚስቶቻቸው ብቻ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር።

ከምርጫው በኋላ የባሰ መጣ። ድጎማው ለረጅም ጊዜ ሥራ ያጣን ሰው ከመድረሱ በፊት የቤተሰቡ ገቢ ይመረመር ጀመር። መርማሪ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ልጅ ሥራ ካለው የአባት ድጎማ ይቀነሳል። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ዕቃ ቁምሳጥኑ ላይ ነበር፤ መርማሪው ያኔ እሱን ሽጡት ብሏቸው ነበር። በ1935 ኢማኑኤል ሺንዌል የሚባል የሌበር ሰው ማክዶናልድን ከ20 ሺህ በላይ በሆነ የድምፅ ልዩነት እዚያው ሲሃም ላይ ሲጥለው፣ የእሳቸውም ድምፅ ከሺንዌል ጋር ነበር።

‹‹ታዲያ ከወንድምዎ ታረቁ?›› አልኳቸው። ሳቁ። ‹‹ከኋላ ያለው መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ና፣ ራሱ ይንገርህ፤ እኔ ስነግርህ ለራሴ አደላለሁ›› አሉኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ አውቶቡሱ ሊነሣ ነው። በሌላ ጊዜ እመጣለሁ አልኩ። ፈተና ደረሰ፣ ክረምቱ ከበደ፣ ብርዱ ሲያልፍ ብሄድ በሩን የከፈተልኝ ሌላ ሰው ነበር። የኋላውን መንገድ አንኳኩቼ ልጠይቅ ስል የወንድምየውን ስም አለመያዜን አስተዋልኩ። ስለ 1931 ያልነበበ ብዙ መጽሐፍ የለኝም፤ ያኔ ወዲያውኑ እምቢ ያለው ሠራተኛ ምን አስቦ እንደሆነ ከራሱ አፍ ሳልሰማ ግን ይኸው አረጀሁ።

ዛሬ እናንተ አንድ ፖለቲከኛ ፓርቲ ቀየረ ሲባል ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ ‹‹ሆድ አደር››፣ ‹‹ባንዳ›› ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ትለጥፋላችሁ። ማን ምን ብሎ ወጣ፣ ከማን ጋር ተቀመጠ ብሎ የሚያነብ የለም። የኛ ትውልድ ይሻላል እንዳልል ደግሞ አፌ አይደፍርም፤ እኛ ‹‹ሚናህን ለይ›› ተባብለን ጓደኛ ቀብረናል። እናንተ እስካሁን በስድብ ነው።

ወደ ካቢኔው ልመለስ። ቅነሳውን ከደገፉት 11 ሰዎች መካከል ማክዶናልድን ተከትለው የሄዱት ስኖውደን፣ ቶማስ፣ ሳንኪና አምዩልሪ ብቻ ናቸው። የቀሩት በቅነሳው እያመኑ ከፓርቲያቸው ጋር ተቃዋሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከእነዚህ አንዷ በእንግሊዝ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የካቢኔ ሚኒስትር ማርጋሬት ቦንድፊልድ ነበረች። በተቃራኒው፣ እምቢ ካሉት ዘጠኙ አንዱ ክሪስቶፈር አዲሰን ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት የሊበራሎች ሚኒስትር የነበረ ሰው። መሥራቹ ሲወጣ እንግዳው ቆየ። ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ ታማኙ ማን ነው? ቦንድፊልድን ስጠራ ታማኝ ለማለት ይከብደኛል፤ ፓርቲ ግን እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ባይኖሩት አንድ ክረምት አይከርምም።

ማክዶናልድን የምወቅሰው በቅነሳው አይደለም። ለአገር ይጠቅማል ብሎ አምኖ ሊሆን ይችላል። የሌበር የምክር ቤት አባላት ኦገስት 28 ቀን ሲሰበሰቡ ግን እሱ አልመጣም። ሳንኪና የገዛ ልጁ ማልኮም መጥተዋል። ሠላሳ ዓመት አብረውት የለፉት ሰዎች ፊት ቆሞ ‹‹ያደረግኩት ይህን ነው፣ ምክንያቴም ይህ ነው›› ማለት ነበረበት። ያን ያህል ዕዳ ነበረበት። በምርጫው ብሔራዊው መንግሥት 554 ወንበር ሲወስድ የማክዶናልድ ቡድን ድርሻ 13 ብቻ ሆነ፤ 470 ያህሉ የወግ አጥባቂዎች ነው። እኛ አገር ‹‹ተለጣፊ›› የምንለው ዓይነት ሆኖ ቀረ። ሌበር ራሱ ከ287 ወደ 52 ወርዶ ነበር።

ልጄ፣ ከወጣህ አወጣጥን ከዊልያም ጆዊት ተማር። በ1929 ፕሬስተን ላይ በሊበራል ስም ተመረጠ፤ ቀናት ሳይቆይ ማክዶናልድ ዐቃቤ ሕግነቱን ቢሰጠው ወደ ሌበር ተሻገረ። ሹመት አይቶ ነው ተባለ፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኛል። ግን ወንበሩን ለመራጮቹ መለሰ። ‹‹በሊበራል ስም ነበር የመረጣችሁኝ፤ አሁን በሌበር ስም ትፈልጉኛላችሁ ወይ›› የሚል የማሟያ ምርጫ ተደርጎ በሐምሌ ወር ፕሬስተን መልሳ መረጠችው። ይህን ካደነቅኩ በኋላ ደግሞ በ1931 ማክዶናልድን ተከትሎ እንደሄደ፣ በምርጫው እንደወደቀ፣ በ1936 ወደ ሌበር እንደተመለሰ፣ በ1945ም በሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር በአትሊ መንግሥት ከፍተኛውን የፍትሕ ሥልጣን እንደያዘ ልንገርህ። በሁለት ቢላ የሚበላ ብትለው አልከራከርህም። ወንበር መመለሱ ግን ወንበር መመለስ ነው።

ውስጥ ሆኖ ስለመቆየትስ? ጆርጅ ላንስበሪ አለ። ቅነሳውን እምቢ ካሉት ዘጠኙ አንዱ፣ በኋላም የሌበር መሪ። ጦርነትን ፈጽሞ የሚጠላ ሰው ስለነበር በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትል ማዕቀብ ይጣል የሚለውን የፓርቲውን አቋም ተቃወመ። ብራይተን ላይ በተደረገው ጉባኤ የሠራተኛ ማኅበር መሪው ኤርነስት ቤቪን ክፉኛ ዘለፈው፤ ድምፁም በላንስበሪ ላይ ሆነ። በዚያው ሳምንት ጣሊያን መረብን ተሻገረች። ላንስበሪ መሪነቱን ለቀቀ፤ ፓርቲውን ግን አልለቀቀም። ኢትዮጵያዊ ሆኜ እሱን መውደድ ይቸግረኛል። አለቃቀቁን ግን ለተማሪዎቼ ሁሉ አስተምሬአለሁ።

ፓርቲ ሳይቀይሩ ቃል መቀየርም አለ። በኖቬምበር 1935 ብሔራዊው መንግሥት ለመንግሥታት ማኅበር እንቆማለን ብሎ ተመረጠ። በዲሴምበር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ጋር ሰፊ የኢትዮጵያ መሬት ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ ተስማማ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ለምክር ቤት አባላቱ የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ፤ ከመንግሥት ወገን ያሉትም አጉረመረሙ። ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። በማግስቱ ጉዳዩ ለድምፅ ሲቀርብ ያጉረመረሙት ሰዎች መንግሥታቸውን በትልቅ አብላጫ አዳኑት። አንድም ሰው ከሃዲ አልተባለም። ሆር በሰኔ 1936 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ተብሎ ተመለሰ፤ ጃንሆይ በስደት ለንደን በገቡበት በዚያው ሳምንት።