መቅጃዎ የራሱን ሞተር እየሰማ ነው

ውድ ጠያቂ፣ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን የጻፉልኝን በአጭሩ ልድገመው። በእጅ የሚያዝ፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪዎች የሚሠራ፣ ተራ ካሴት የሚገባበትና ድምፅ ሲሰማ በራሱ ተነሥቶ የሚቀዳ ቴፕ አለዎት። ጸጥታ ሲሆን አርፎ ይጠብቃል፤ ሰው ሲናገር ይነሣል፤ ንግግሩ ካለቀ በኋላ ግን ክሩ እስኪያልቅ ድረስ አይቆምም። የቀዳውን ሲያዳምጡት የመጀመሪያው ቃል ግማሹ የለም፤ የተረፈው ግማሽም እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጥኖና ፈጥኖ ይሰማል፤ ከንግግሩ ሥር ደግሞ የማያቋርጥ ጉርምርምታ አለ። ቴፑ ከዚህ ቀደም ወድቆ አንድ ጠጋኝ ማይክሮፎኑን ቀይሮልዎታል። በመጨረሻም እንደ ቀላል ነገር «የባትሪው ቤት ውስጥ ነጭ ዱቄት አግኝቼ እፍ ብዬ አራገፍኩት» ብለዋል።

ከዚህ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ምክንያቱም ከሁሉም ያስደነገጠኝ እርሱ ነው። ያ ዱቄት ትቢያ አይደለም። ከአልካላይን ባትሪ የሚያፈተልከው ፈሳሽ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት፣ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ነገር ሲሆን ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል፤ ስለ ደረቀ ግን ጉዳቱ ቀርቷል ማለት አይደለም። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ያለን ዱቄት እፍ ያለ ሰው ዱቄቱን መልሶ ወደ ገዛ ዓይኑ ይበትነዋል። ከእንግዲህ የባትሪውን ቤት ሲነኩ መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ ዱቄቱንም በትንፋሽ ሳይሆን በእርጥብ ጥጥ ያንሡት። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሱ ይታጠቡና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ወደ ቴፑ ስመለስ፣ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ገና ሳልከፍተው ወደ አንድ ቦታ መሩኝ፤ እርሱም ማይክሮፎኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ትልቁ ፍንጭ ቴፑ በጸጥታ ጊዜ በራሱ አለመነሣቱ ነው። ጥፋቱ ከአየር ማራገቢያ፣ ከግድግዳ ሰዓት ወይም ከልክ በላይ ከተከፈተ የመስማት መጠን መቆጣጠሪያ የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ማንም ሳይናገር ጭምር ይነሣ ነበር። የእርስዎ ቴፕ ግን ለመነሣት የሰው ድምፅ ይፈልጋል፤ አንዴ ከተነሣ በኋላ ደግሞ የራሱን ሞተር ጉርምርምታ እየሰማ ሰው ገና እየተናገረ ይመስለዋል። ፋብሪካው ማይክሮፎኑን በለስላሳ የጎማ ቀለበት ውስጥ የሚያስቀምጠው የሞተሩ ንዝረት በፕላስቲኩ በኩል እንዳይደርሰው ነው። በእኔ ግምት ጠጋኙ አሮጌውን ማይክሮፎን ሲያወጣ ቀለበቱን አብሮ ጥሎት፣ አዲሱን በሱፐር ግሉ ከቀፎው ጋር አጣብቆታል። እንዲህ ያለ ሥራ ከቁጥር በላይ አይቻለሁ። ማይክሮፎኑን በትክክል በይዶ፣ ድምፁ መግባቱን አረጋግጦ፣ በመጨረሻ አንዲት ጠብታ ሙጫ በማድረግ የደከመበትን ሁሉ የሚያበላሽ ሰው ያናድደኛል።

ግምት ግን ግምት ነውና ከመክፈትዎ በፊት ይፈትኑት። በማይክሮፎን መሰኪያው ላይ የውጭ ማይክሮፎን ሲሰካ የውስጡ ይቋረጣል። ገመዱ ከ1 ሜትር የማያንስ ማይክሮፎን ይሰኩና ማይክሮፎኑን ትራስ ላይ፣ ቴፑን ደግሞ ገመዱ የፈቀደውን ያህል ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ዝም ይበሉ። ቴፑ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከቆመ ጥፋተኛው ተገኝቷል። የውጭ ማይክሮፎን ከሌለዎት ለመሰኪያው የሚሆን ባዶ ፕለግ ወስደው፣ የውስጥ እግሮቹን በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቴፑ እየዞረ ሳለ ይሰኩት፤ ጆሮው ስለተደፈነ መቆም አለበት። በዚህም ካልቆመ ችግሩ ከማይክሮፎኑ አልፎ ከመቆጣጠሪያው ሰርኪዩት ላይ ነው፤ ያኔ የድምፅ መነሻውን፣ ማለትም ቴፑ ድምፅ ሲሰማ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን፣ ማብሪያ በኮንታክት ማጽጃ (የኤሌክትሪክ መገናኛዎችን በሚያጸዳ ፈሳሽ) አርሰው ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት፤ ካልተሻለው ሰርኪዩቱ በመሣሪያ መለካት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ቃል ለምን እንደሚጎድል ሰዎች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ እኔም ይህን ማስረዳት ስለምወድ ትንሽ ይታገሡኝ። ከማይክሮፎኑ የሚወጣው ደካማ ምልክት በማጉያው ካደገ በኋላ በሁለት መንገድ ይከፈላል። አንደኛው ክሩን ወደሚነካው መቅረጫ፣ ማለትም ወደ «ሄዱ»፣ ደርሶ ክሩ ላይ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ዳዮድ አልፎ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም አንድ ትንሽ ካፓሲተር ይሞላል። ይህን ካፓሲተር ከሥሩ ቀጭን ቀዳዳ እንዳለው እንስራ ይቁጠሩት። ንግግር ሲኖር ውሃው ከላይ በሰፊው ይንቆረቆራል፤ ከታች የሚያንጠባጥበው ጥቂት ስለሆነ እንስራው ቶሎ ይሞላል። ውሃው ከአንድ ምልክት በላይ ሲወጣ እንደ ማብሪያ የሚሠራው ትራንዚስተር ሞተሩን ያስነሣል፤ ንግግሩ ሲቆም ከላይ የሚወርደው ይቀርና ውሃው በቀዳዳው እየጎደለ ከምልክቱ በታች ሲወርድ ሞተሩ ይቆማል። ካፓሲተሩ 10 ማይክሮፋራድ፣ ቀዳዳው ማለትም ሬዚስተሩ 220 ኪሎ ኦም ቢሆን፣ የሁለቱ ብዜት 2.2 ሰከንድ ይሆናል። ተናጋሪ ትንፋሽ በሰበሰበ ቁጥር ቴፑ የማይቆመው በዚህ መዘግየት ምክንያት ነው። የእርስዎ ቴፕ የማይቆመው ደግሞ ጉርምርምታው ከላይ ጠብ ጠብ እያለ እንስራውን ከምልክቱ በታች እንዳይወርድ ስለሚያደርገው ነው፤ ንግግሩ ሲቀር ማጉያው ደካማውን ድምፅ ለመያዝ አቅሙን በራሱ ከፍ ማድረጉም ጉርምርምታውን ይብስ ያጎላዋል።

እንግዲህ እንስራው ቶሎ የሚሞላ ከሆነ የጎደለውን ግማሽ ቃል የበላው ሌላ መሆን አለበት፤ እርሱም ሞተሩ ነው። ሞተሩ ከቆመበት ተነሥቶ በቺንጊያው፣ ማለትም በጎማ ቀበቶው፣ በኩል ከባዱን መዘውር እስኪያዞር ድረስ ክሩ ይሳባል እንጂ አይሮጥም። የተራ ካሴት ፍጥነት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው። ሞተሩ ገና ግማሽ ፍጥነት ላይ ሳለ የአንድ ሰከንድ ንግግር በ4.76 ሴንቲሜትር ፈንታ 2.38 ሴንቲሜትር ላይ ተጨናንቆ ይጻፋል። ሲያዳምጡት ግን ክሩ በሙሉ ፍጥነቱ ስለሚያልፍ ያ አንድ ሰከንድ በግማሽ ሰከንድ ያልቃል፤ ድምፁም እጥፍ ይቀጥናል። የሕፃን ድምፅ የመሰለዎት ይህ ነው። በጤነኛ ቴፕ ላይም ለቅጽበት ያህል ይኖራል፤ ግማሽ ቃል ሙሉ ሲሆን ግን ሞተሩ ለመነሣት እየተቸገረ ነው ማለት ነው። አንዳንዶች ይህን ለማስተካከል ካፓሲተሩን በትልቅ ይቀይራሉ። ትልቅ እንስራ ለመሙላት ይዘገያልና የሚያተርፉት የባሰ የቃል መቆረጥ ነው።

አሁን ይክፈቱት። በመጀመሪያ ባትሪዎቹን ያውጡ፤ አዳፕተር ካለም ከግድግዳው ሶኬት ይንቀሉት። ብሎኖቹን ሲፈቱ አንዱ ብዙ ጊዜ በባትሪው ክዳን ሥር ተደብቆ ስለሚገኝ፣ ቀፎው እምቢ ሲል በካቻቢቴ ከመፈልቀቅዎ በፊት እዚያ ይመልከቱ። ማይክሮፎኑን የያዘውን ሙጫ በስለታም ምላጭ በትዕግሥት ይቁረጡት፤ ሙጫውን ለማሟሟት አሴቶን እንዳይጠቀሙ፣ ቀፎውን ያቀልጠዋል። ማይክሮፎኑ ሲወጣ ከተሰበረ አያዝኑ፤ ዙሪያው እኩል የሆነ የኤሌክትሬት ማይክሮፎን ይግዙ። ሁለቱ እግሮች አንድ አይደሉም፤ ከብረት ቆቡ ጋር በቀጭን መስመር የተያያዘው የመሬቱ (የአሉታዊው ወገን) ነው። ብየዳው ከሁለት ወይም ከሦስት ሰከንድ እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ሙቀት ይህን ዓይነቱን ማይክሮፎን ያደነቁረዋል። በጎማው ቀለበት ፈንታ ለስላሳ ስፖንጅ ቆርጠው በዙሪያው ይጠቅልሉ፤ ስፖንጅ ከታጣ የብስክሌት ካላማዳሪ ያገለግላል፣ ግን ጠንከር ስለሚል ሁለት ንብርብር ያድርጉት። ሽቦዎቹ ቀጫጭንና የላሉ ይሁኑ፤ የተወጠረ ሽቦ ንዝረቱን እንደ ዱላ ያስተላልፋል። ሙጫ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አይንካው።

ክፍት ሳለ ቺንጊያውን ይዩት። ቀልጦ እንደ ሬንጅ ከተለጠፈ በአልኮል በነከሩት ጥጥ ሙልጭ አድርገው አጽድተው በአዲስ ይተኩት፤ ከላላም ይቀይሩት። አዲሱ ከተለጠጠው አሮጌ በ5 በመቶ ገደማ ያጠረ ይሁን። የወረቀት ማሰሪያ ላስቲክ አስገብቶ የሚሰጥ ጠጋኝ አለ፤ ላስቲኩ ወጥ ውፍረት ስለሌለው ድምፁን ያወዛውዘዋል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ይበጠሳል። ክሩን ተጭና የምትጎትተውን ጎማና ሄዱንም በዚያው አልኮል ይጥረጉ። ከሞተሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ውስጥ የምትታየውን የፍጥነት ብሎን ግን አይንኩ፤ ጥፋት ያለባት እርሷ ስትሆን ያየሁት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው።

ከዚያ ወደ ባትሪው ቤት ይሂዱ፤ ሞተሩን ያደከመውም ይመስለኛል ያ ነጭ ዱቄት ነው። መነጽርዎን ያድርጉ፤ ደግሜ እላለሁ፣ እፍ እንዳይሉ። በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ትንሽ የረጠበ ጥጥ ይዘው ሞላዎቹንና ብረቶቹን ይጥረጉ፤ ዱቄቱ ትንሽ ይፈላና ይለቃል። ቀጥሎ በአልኮል ይጥረጉትና በደንብ ይድረቅ፤ ዝገቱ የቀረበትን ቦታ በላጲስ ወይም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያብሱት። ዝገቱ 2 ኦም ብቻ ቢቋቋም፣ ሞተሩም ሲነሣ 300 ሚሊአምፔር ቢስብ፣ ከ3 ቮልቱ ላይ 0.6 ቮልት ዝገቱ ላይ ይቀራል። ሞተር የሚነሣበት ቅጽበት ከሚዞርበት ጊዜ ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚፈልግ፣ በተከታታይ ሲቀዳ ደኅና የሚመስል ቴፕ በድምፅ መነሻው ላይ ሲሆን ይደናቀፋል።

ሲጨርሱ አጠቃቀሙ ላይ ጥቂት ነገር ያስተካክሉ። ባትሪዎቹ ሁለቱም አዲስና አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አሮጌና አዲስ ሲደባለቅ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ያፈተልካል። ርካሽ አዳፕተር አይሰኩ፤ ውስጡ የማጣሪያ ካፓሲተር ስለሚቆጠብበት የሚሰጠው ኃይል ያጉረመርማል፣ ጉርምርምታውም ማጉያው ውስጥ ገብቶ ልክ እንደ ሞተሩ ቴፑን እንዳይቆም ያደርገዋል፤ ዋልታው (አዎንታዊና አሉታዊ ወገኑ) ከተገለበጠ ደግሞ ቴፑን ያቃጥለዋል። ካሴቱ የ60 ደቂቃ ይሁን። የ120 ደቂቃው ክር 9 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ስላለው መነሣትና መቆም ሲበዛበት ይለጠጣል፣ በጎማዋም ላይ ይጠመጠማል። የካሴቱ መጀመሪያ ድምፅ የማይቀበል ባዶ ክር ስለሆነ ከመጀመርዎ በፊት ያሳልፉት።

የመስማት መጠኑን እንዲህ ያስተካክሉ። ቴፑን በሚጠቀሙበት ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛው ላይ በታጠፈ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት፤ ጠረጴዛ ንዝረቱን መልሶ ያጎላዋልና። መቆጣጠሪያውን ከዝቅተኛው ጀምረው፣ በልማድ በሚናገሩበት ርቀትና ድምፅ እየተናገሩ ቴፑ እስኪነሣ ድረስ ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ ጥቂት ብቻ ጨምረው ያቁሙ። ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው ከሆነ ለራስዎ ማስታወሻ ዝቅተኛውን፣ ለስብሰባ ከፍተኛውን ይምረጡ። ኪስ ውስጥ አይያዙት፤ የጨርቅ መተሻሸት ለቴፑ ንግግር ነው። ራስዎ ሲናገሩ «እሺ» ብለው አንድ አፍታ ቆይተው ወደ ጉዳዩ ይግቡ፤ ሞተሩ የሚበላው «እሺ»ን ይሆናል። አንዲት ቃል እንኳ እንድትጠፋ የማይፈልጉበት ንግግር ሲሆን ግን የድምፅ መነሻውን አጥፍተው በተከታታይ ይቅዱ፤ የሚቆጥብልዎት ክር የጠፋውን ቃል አይክስም።

ቴፑ ቆሞ ሲጠብቅም ማጉያው ክፍት ስለሆነ ባትሪውን ይጠጣል፤ ሥራ ሲያበቃ ዋናውን ማጥፊያ ይጫኑ። ከሳምንት በላይ የማይነኩት ከሆነ ደግሞ ባትሪዎቹን አውጥተው ለብቻ ያስቀምጡ፤ ሲመለሱም ክዳኑን ከፊትዎ ራቅ አድርገው ይክፈቱት።